የቆረጥኳት ቅርንጫፍ

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጠሙ። ይህ ለድሬዳዋ የሠርግ ፎቶ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ ከከዚራ እስከ መጋላ አንድም የሠርግ ድንኳን አይተከልም። ካሜራዬን ወልውዬ ፋሲካንና ዒድን ስጠብቅ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደወሉልኝ። ለክፍሎቻቸው ግድግዳ የሚሆን የአካባቢውን ትንንሽ ወፎች ፎቶ ይፈልጋሉ። አሥራ ሁለት ፎቶ፣ በሁለት ሳምንት። ሳላመነታ ተቀበልኩ። ሰው ሳነሳ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ወፍ አያቅተኝም የሚል ልብ ነበረኝ።

ቦታው ወደ ደንገጎ አቀበት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የማንጎና የፓፓያ እርሻ ነው። አጥሩ ግራርና ቁልቋል፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ድንጋያማ መሬት ደግሞ እሬት የወረሰው። እሬቱ በዚያ ሰሞን አብቦ ነበር። አበባውን ፍለጋ የምትመጣው ወፍ አስጎብኚዎች ሰንበርድ የሚሏት ናት፤ ከእስክሪብቶ የምታጥር፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ። ሴቷ ግራጫ ቢጤ ስትሆን ወንዱ ግን አረንጓዴው እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱ ላይ ቀይ መቀነት የታጠቀ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ሲኒሪስ ሐቤሲኒከስ ይባላል። የሐበሻ ስም ያለበት ወፍ መሆኑን ሳውቅ የበለጠ ጓጓሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ስሮጥ ዋልኩ። ወፉ እሬቱ ላይ ሲያርፍ እቀርባለሁ፣ ካሜራውን ሳነሳ የለም። ወደ ግራሩ ሲሄድ እከተላለሁ፣ ስደርስ ወደ ቁልቋሉ ተሻግሯል። ከረዳቴ ጋር ሆነን ከ900 በላይ ፎቶ አነሳን። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ከግማሽ በላዩ ባዶ ቅርንጫፍ ነው። ወፍ ያለበትም ቢሆን ክንፉ ጭስ መስሏል። ሠርግ ላይ በፍላሽ ስሠራ የሹተር ፍጥነቴ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት፣ ከ1/200 ሰከንድ አያልፍም፤ እጄ የለመደው እሱን ነበር። ለእንዲህ ያለች ወፍ 1/2000 ሰከንድና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሲፈጥን ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ከፍ ማድረግ፣ ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም መቀበል ግድ ነው። የሻከረ ፎቶ ይታረማል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አይታረምም።

ከዚህ ሁሉ ያሳዘነኝ ግን ቀለሙ ነው። በዓይኔ ያየሁት ያ አረንጓዴ ፎቶው ላይ የለም። ወፉ ጥቁር ነው፤ ከሰል የመሰለ ጥቁር። ካሜራው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌንስ ቀያየርኩ። መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ሥራ ነው። የሙሽራ ካባ ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሲመታው ይነድዳል፣ ብርሃኑ ከጀርባ ሲሆን ግን ይጠፋል። የዚህ ወፍ አረንጓዴም እንደ ጨርቅ በቀለም የተነከረ አይደለም። ላባው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ስስ ድርብርቦች ብርሃኑን ሲመልሱት የሚፈጠር ነው፤ ማዕዘኑ ከተዛነፈ ቀለሙ የለም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወፉን ስከተል ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ይሁን ከእኔ ጀርባ ልብ አላልኩም።

በሁለተኛው ቀን የእርሻው ጠባቂ ጠሩኝ። ረመዳን ስለነበር እሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ ከንጋት ጀምሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስንሮጥ ያዩናል።

«ልጄ፣ ለምን ትከተለዋለህ?» አሉኝ።

«ይሸሸኛል እኮ አባባ።»

«ስለምትከተለው ነዋ። እሱ የራሱ መንገድ አለው። ይኼን አበባ ቀስሞ ወደዚያኛው፣ ከዚያ ወደ አጥሩ፣ ከዚያ ደግሞ ወደዚሁ። ቁጭ ብለህ አበባውን ጠብቅ።»

ተቀመጥኩ። እውነታቸውን ነበር። ወንዱ የራሱ ያደረገው የአበባ ቦታ አለው፤ ሌላ ወንድ ዝር ሲል ያባርራል፣ የቀሰመው አበባ እንደገና ወለላ እስኪይዝ ሌላውን ዞሮ ይመለሳል። ከመቅሰሙ በፊት ሁልጊዜ የሚያርፍባት አንዲት ደረቅ የእሬት አገዳ ነበረች። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ፎከሱን አገዳዋ ላይ አስሬ ጠበቅሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አራት ጊዜ መጣ። በአራተኛው አንገቱን ወደ እኔ ሲያዞር ያ አረንጓዴ ከአናቱ እስከ ትከሻው ቦግ አለ። የእጄን መንቀጥቀጥ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ የመጀመሪያ ሠርጌን ሳነሳ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

እዚህ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን ጎጆውን አገኘነው።

ደረቴ ከፍታ ላይ ካለ የግራር ቅርንጫፍ የተንጠለጠለች፣ ከጭብጥ የማትበልጥ ከረጢት ናት። በደረቅ ሣርና በልጣጭ ተሠርታ በሸረሪት ድር ተጠፍንጋለች፤ በጎኗ በኩል ክብ ደጃፍ አላት፤ ከደጃፉ በላይ ትንሽ ክፈፍ ወጥቷል። ጎጆውን የምትሠራው ሴቷ ናት። ውስጥ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ የጉሮሯቸው ብርቱካናማ ቀለም ይታያል። እናታቸው በየጥቂት ደቂቃው ነፍሳት ይዛ ትመጣለች፣ ጭራዋን ወደ ውጭ አድርጋ ታጎርሳለች፣ ትሄዳለች።

ከፊት ለፊቱ ግን አንዲት ቅጠላም ቀንበጥ ነበረች። ደጃፉን ከሌንሴ ትጋርደዋለች፣ ጥላዋም ጎጆው ላይ ያርፋል። ጠባቂው ለማንጎው ውኃ ሊለቁ ወደ ታች ወርደዋል። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁና ቆረጥኳት። ረዳቴ «ጋሼ፣ ይቅርባት» ብሎኝ ነበር። ሠርግ ላይ ዓይን የሚጋርድ አበባ ገለል እንደማደርገው ነው የቆጠርኩት። ለልቤ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እናቲቱ ተመለሰች። ብርሃኑ ልክ ደጃፉ ላይ አርፏል። ሦስት ጊዜ ስታጎርስ አነሳኋት፤ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኗ ውስጥ የፀሐይ ነጥብ አለ። ከዚያ መምጣቷን አዘገየች። አጥሩ ላይ ቆማ በቀጭኑ ትጮኻለች፣ ትቀርባለች፣ ትመለሳለች። እኔ ሌንሱ ውስጥ አፍጥጬ «አሁን ትመጣለች» እላለሁ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አልፏል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በሚያዝያ በዚያ ሰዓት ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ጫጩቶቹ አንገታቸውን በደጃፉ አውጥተው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ምግብ የሚለምኑ መስሎኝ ያንንም አነሳሁት።

ጠባቂው ተመለሱ። መሬት ላይ የወደቀችውን ቀንበጥ አዩ፣ ጎጆውን አዩ፣ እኔን አላዩኝም። «ቤታቸውን ገለጥክባቸው» ብቻ አሉ። ካሜራዬን አጥፌ የቆረጥኳትን ቀንበጥ ከነበረችበት ቦታ በክር አሰርኳት። እናቲቱ ከራቅን በኋላ ገባች፤ ልባችን ተመለሰ።

በማግሥቱ ከንጋቱ በፊት ሄድን። የተቆረጠ ቀንበጥ በድሬዳዋ ሙቀት አያድርም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ረግፎ ነበር። ከጎጆው ሥር፣ ጠጠሩ ላይ፣ አንዱ ጫጩት ሞቶ ወድቋል። ክንፉ ላይ ላባው ገና ከቀፎው አልወጣም። ረዳቴ አንስቶ በመዳፉ ያዘው፤ ምንም ክብደት የለውም አለኝ።

ጠባቂው የእኔን ክር ተቀበሉኝ። ከጎን በኩል ያለውን ያልተቆረጠ፣ በሕይወት ያለ ቅርንጫፍ ቀስ አድርገው ጎንበስ አደረጉት፣ ከግንዱ ጋር አሰሩት፣ ጥላው ጎጆው ላይ አረፈ። ከእኔ ይህን የሚያህል ብልሃት አልመጣም ነበር። ከዚያ ሁላችንም ከአጥሩ ማዶ ሄድን፤ እስከምንጨርስ ድረስ ወደዚያ ጥግ አልተመለስኩም።

ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት 11 ፎቶ አስረከብኩ። አሥራ ሁለተኛው የት አለ ሲሉኝ የሆነውን እንደሆነው ነገርኳቸው። ፎቶውን እንያት አሉ፤ አሳየኋቸው። ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ታምራለች። ግን ሰው እየተኛ የሚያያት ግድግዳ ላይ እንድትሰቀል አልፈቀድኩም፤ የእሷን ዋጋም ከክፍያዬ ላይ አስቀነስኩ። ፎቶዋ ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ አለች። ወፍ ማንሳት የሚፈልጉ ወጣቶች ስቱዲዮዬ ሲመጡ ስለ ሌንስና ስለ ሹተር ከመናገሬ በፊት እሷን እከፍትላቸዋለሁ። «እንዴት አገኘሃት?» ይሉኛል፤ ከቀንበጧ ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።

ከዒድ በኋላ ወደ እርሻው ተመልሼ ነበር። ጎጆዋ ባዶ ናት። ሁለተኛው ጫጩት መብረሩን ጠባቂው ነገሩኝ፤ ሁለት ቀን አጥሩ ላይ እናቱን እየተከተለ ሲለምን አይተውታል። ያ የታሰረው ቅርንጫፍ ጎንበስ እንዳለ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ክሩ ልጡን መብላት ጀምሮ ስለነበር በጥፍሬ ፈታሁት። ቅርንጫፉ ቀና አላለም፤ ባስቀመጡት ቦታ ቀረ።