ፊቱን ያዞረው ቫልቭ

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቫልቩን ስናስር እጀታው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ጠዋት ስንመለስ ወደ ቦዩ ግድግዳ ዞሮ አገኘነው። የመስመሩ ሌላ ጫፍ ገና አልተገናኘም፤ ስለዚህ እንዳይዞር የሚይዘው ነገር አልነበረም። ዕቃውን ሲጠብቁ ያደሩት የውኃ ኮሚቴው አባት «ልጄ፣ ሰው አልደረሰበትም፤ ራሱ ነው የዞረው» አሉኝ። አመንኳቸው።

ሥራው ከጮቄ ግርጌ ያጎለበትነውን ምንጭ ወደ መንደር ማውረድ ነበር። ቱቦው ጥቁር ፖሊኤትሊን ነው፣ ባለ 32 ሚሊሜትር፣ በጥቅል የሚመጣ። ጥቅል ቱቦ የሚዘረጋው እንደ ጎማ እየተንከባለለ ነው። እኛ ግን ዝናቡ ሳይቀድመን ለመጨረስ ቸኩለን ጥቅሉን መሬት ላይ አስተኛነውና ጫፉን ይዘን ጎተትነው። እንዲህ ሲጎተት እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሙሉ ዙር ጥምዝ ይዞ ይወጣል። ጥምዙን እንደያዘ ቆርጠን አሰርነው፤ ቱቦው ደግሞ ሌሊቱን ራሱን ሲፈታ አደረ።

መሐንዲሶች ይህን ጫና ሸር ይሉታል። ሞሰብ ላይ የተደራረበ እንጀራ የላይኛውን በመዳፍ ገፋ ብታደርጉት ሁሉም እንደየከፍታው አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ሸር ማለት እንዲህ ያለው ነው። ቱቦ ሲጠመዘዝም በግድግዳው ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ደምበጫ ቤቴ ሁለት ሜትር ቁራጭ ወስጄ አንድ ጫፉን ሞርሳ ላይ አሰርኩ። ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩበት። ሌላውን ጫፍ በቧንቧ መፍቻ ግማሽ ዙር ጠምዝዤ አንድ ደቂቃ ያህል ያዝኩት። ስለቀው አብዛኛውን መንገድ በአንዴ ተፈናጥሮ ተመለሰ። የቀረችውን ትንሽ ግን ዓይን በማይከተለው ዝግታ ሄዳት፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ መስመሩ ገና እየተቃና ነበር። ሁለተኛውን ቁራጭ እንዲሁ ጠምዝዤ መፍቻውን በገመድ ጠፍሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው የመጀመሪያው ዝላይ አጠረ፣ ዝግታው ግን ረዘመ።

እናቴ ፈትል ሲወሳሰብባት ጫፉን በኃይል አትስብም ነበር። በኃይል ሲስቡት ውስብስቡ ይጠብቃል፤ ቀስ ብለው ሲያላሉት ክሩ ከክሩ ውስጥ ይወጣል። ፖሊኤትሊንም በሺህ የሚቆጠሩ የካርቦን አቶሞች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተወሳስበዋል፣ ከፊላቸውም በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ሠርተዋል። ለአጭር ጊዜ ሲጠመዘዙ ውስብስቡ ስለሚይዛቸው የቀድሞ ቦታቸውን ያስታውሳሉ። ረጅም ጊዜ ሲያዙ ግን ጥቂት በጥቂት ይንሸራተቱና ከአዲሱ ቅርጽ ጋር ይለማመዳሉ።

ይህን ዘግይቶ መመለስ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ቬበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 በሐር ክር ላይ አይቶታል። በ1874 ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትስማን ሒሳቡን ሠራለት፦ የአንድ አካል የዛሬ ሁኔታ እስከ ዛሬ የተሸከመው ጫና ሁሉ ድምር ነው፣ የቅርቡም ከሩቁ ይልቅ ይከብዳል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ የቁሶችን ፍሰት ያጠናው ማርከስ ራይነር በ1964 ያወጣው ስም ነው። አንድ ነገር ጫናውን ለማርገብ የሚፈጅበትን ጊዜ እኛ ለምንመለከትበት ጊዜ አካፍሎ ውጤቱን «የዲቦራ ቁጥር» አለው፤ በዲቦራ መዝሙር ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ስለሚፈሱ። ለኮሚቴው አባት ይህን ስነግራቸው «መሳፍንት ምዕራፍ አምስት» ብለው ከአፌ ነጠቁኝና ቱቦውን በአዲስ ዓይን ያዩት ጀመር።

አሁን ቱቦ ስንዘረጋ ጥቅሉን እናንከባልላለን፣ በነጭ ቀለም መስመር እናሰምርበታለን፣ አንድ ሌሊት በቦዩ ውስጥ ሳናስር እናሳድረዋለን። የጮቄ ብርድ መመለሱን ያዘገየዋል፤ የቀን ፀሐይ ሲያገኝ ይፈጥናል። ስለዚህ የምንቆርጠው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ነው።

ያ ተጠፍሮ ያደረው ቁራጭ አሁንም ሞርሳው ላይ ነው። ሳምንት ቢሞላውም መስመሩ ሙሉ በሙሉ አልተቃናም። ትናንት ቀትር ላይ ከነሞርሳው ወደ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ተውኩት። አመሻሽ ላይ ሳየው የጠመኔው ጫፍ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተጉዟል።