የዳነ አጥንት፦ የሰባት ወር የትምህርት ማስታወሻዬ

ከሰባት ወር በፊት አንድ ጥያቄ ይዤ ጀመርኩ። ሰው በተፈጥሮው ራስ ወዳድ ነው ወይስ አዛኝ? ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። እስቲ ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ምን ይላል ብዬ ነው የገባሁበት። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ አሁን ለምትጀምሩ።

መጀመሪያ ዝግመተ ለውጥን እንደ መሰላል ነበር የማስበው። ታች ቺምፓንዚ፣ ላይ እኛ። ይህን ሐሳብ ከጭንቅላቴ ለማውጣት አንድ ወር ፈጀብኝ። ቺምፓንዚን እንደ አያት ሳይሆን እንደ አጎት ልጅ ቁጠሩት። የጋራ ቅድመ አያታችን የኖረው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እነሱም በራሳቸው መንገድ ተለውጠዋል።

ቀጥሎ ከራሴ እጅ ተማርኩ። እናንተም ሞክሩት። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣት አገናኙና የእጅ አንጓችሁን ትንሽ ወደ ውስጥ እጠፉት። መሐል ላይ ጅማት ብቅ ካለ፣ ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባለው ጡንቻ አላችሁ። አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም፤ ግን ዕቃ አጥብቆ መያዝ አያቅተውም። እኔ በቀኝ እጄ አለኝ፣ በግራው የለም።

ልቤን የያዘው ግን የሕፃን ነገር ነው። የሰው ልጅ ሲወለድ አንጎሉ አዋቂ ሲሆን ከሚደርስበት መጠን ከ30 በመቶ በታች ነው። የቺምፓንዚ ግልገል 40 በመቶ ገደማ ይዞ ይወለዳል። ለምን? ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ ቆመን ስለምንሄድ የእናት ዳሌ ጠቧል የሚለው ነው። ሌሎች ደግሞ እናት ከዚያ በላይ ለፅንሱ የምትሰጠው ጉልበት ስለማይኖራት ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እንዲህ ያልጠነከረ ሕፃን ብዙ እንክብካቤ ይፈልጋል። የቺምፓንዚ እናት ልጇን ብቻዋን ተሸክማ ታሳድጋለች። የእኛ ሕፃን ግን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። አያት፣ እህት፣ አባት፣ ሁሉም ይይዘዋል።

እዚህ ስደርስ «አዛኝ ነን፣ አበቃ» ብዬ ነበር።

ደስታዬን ያጸናልኝ የሻኒዳር ዋሻ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኢራቅ ውስጥ የተገኘ ኒያንደርታል (የእኛ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ዛሬ የጠፋ የሰው ዓይነት) ሲሆን የኖረው ከ45 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ነው። ግራ ዓይኑ አካባቢ አጥንቱ ተጎድቷል። ቀኝ ክንዱ ከክርን በታች የለም። እግሩም ጉዳት አለበት። ቁስሎቹ ግን ድነዋል፤ ከጉዳቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ይህን ሰው ማን አበላው? ማንስ ጠበቀው? እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ከዚያ ጀበል ሳሃባ መጣ። ሰሜን ሱዳን፣ ዓባይ ዳር የተገኘ ከ13 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ መቃብር ነው። 61 ሰዎች ተቀብረውበታል፤ ሴትም ሕፃንም አለ። ብዙዎቹ በጦርና በቀስት ተወግተዋል። አንዳንዶቹ ላይ የዳነ አሮጌ ቁስልና ያልዳነ አዲስ ቁስል አንድ ላይ ይታያል። ያኛው የተወጋ ሰው እስኪያገግም መቼም አጠገቡ ሰው ነበረ። ቆይቶ ደግሞ እንደገና ተወጋ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ጥያቄዬን «ወይስ» ብዬ መጠየቄ ራሱ ስህተት ነበር። አሁን ማስታወሻዬ ላይ «መቼ ይራራል? ለማን?» ብዬ ቀይሬዋለሁ።

በዚህ ሳምንት የያዝኩት የስብራት ጠርዝ ማንበብ ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ የዳነ ከሆነ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ አዲስ አጥንት ይሞላዋል። ሞት አካባቢ የደረሰው ግን ጠርዙ እንደሰላ ይቀራል። ፎቶ አስቀምጬ፣ መልሱን ሸፍኜ እለያለሁ። ትናንት ከ20 ያገኘሁት 13 ነው። ያሳሳቱኝ ትንንሽ የጎድን አጥንት ስንጥቆች ናቸው። እነሱን የምትለዩበት ዘዴ ካላችሁ አካፍሉኝ።