ማጭዴ የተወረሰች ዕለት

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሌሊት ተነሥተን፣ በተዘጋ ጊዜ፣ ጓሳ ልናጭድ ወጣን። ገመድ ገምደን መሐል ሜዳ ገበያ ልንሸጥ ነው ሐሳባችን። አንድ ሸክም እንኳ ሳንሞላ ከኋላችን "በርቱ፣ በርቱ" የሚል ድምፅ ሰማን። ጠባቂው ነው። አልመታንም። ማጭዳችንን ተቀብሎን "ነገ አባቶቻችሁ ይምጡ" ብሎን ሄደ።

ለማያውቅ ልንገር፦ ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫም አገር። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ገሳ ይሠራል። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ነው።

ይህን ሁሉ የሚገዛው ቀሮ የሚሉት የአባቶች ሥርዓት ነበር፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዘለቀ። ጓሳ ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ይነገርና በበጋ ይከፈታል። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ከብቱ ሁሉ ከጓሳ ወጥቶ ማደር አለበት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ፈረሰ፤ ያገኘ ሁሉ ገባበት። አያቴ ያንን ዘመን ሲያነሣ ፊቱ ይጠቁር ነበር። በኋላ ገበሬው ራሱ ተሰብስቦ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ፣ መልሶ ያዘው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አያቴ ስለ ቀሮ ስንትና ስንት ሲያወራ ቀይ ቀበሮን አንሥቶ አያውቅም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች የቀሩት፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ያ ቀበሮ፣ ሣር ስለተጠበቀ ነው ጓሳ ላይ የኖረው። ሣር ሲኖር አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ቀበሮ አለ። አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ "ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ" የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይለኛል። ማን ለማን ነው የሚያስጨብጠው?

በግ ስጠብቅ ስንቴ አይቻለሁ፦ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ቀበሮው መሐላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። ግልገል ይዘው እንኳ አይደነግጡም። እሱም ግልገላቸውን ሲነካ አላየሁም። ድንገት ዘለል ይልና አይጥ አፉ ውስጥ ናት። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ቆጥረውታል፤ ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ያህሉ ይሳካለታል፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን 67። እኛ እረኞቹ ቁጥሩን አናውቅም ነበር እንጂ "ዛሬ ከዝንጀሮ ጋር ውሏል፣ ጠግቧል" እንባባል ነበር።

አሁን ቀበሮውን በብርቱ ከሚያሰጉት አንዱ የእኛው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ይተላለፍበታል፤ በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ ስንቱን ፈጅቷል። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ የውሻ ክትባት ቀን ደረስኩ። አጎቴ አንበሴን በጓሳ ገመድ አስሮ ይጎትታል፤ አንበሴ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ብሏል።

"ጋሼ፣ ይሄ ለቀበሮው ሲባል እኮ ነው" አልኩት።

"ለቀበሮው ይሁን፤ እኔ ልጆቼን እንዳይነክስብኝ ነው" አለኝ፣ ውሻውን በጉልበቱ ይዞ።

መርፌው ከተወጋ በኋላ አንበሴ ለግማሽ ቀን አኮረፈን።

ወደ ማጭዷ ልመለስ። አባቴ በዚያን ጊዜ የኮሚቴው አባል ነበር፤ የልጁን ጉዳይ ራሱ ተቀምጦ ሰማ። የእኔንም የጎረቤቱን ልጅም ቅጣት ከኪሱ ከፈለ። ማጭዷን ግን "ጓሳ እስኪከፈት ትቀመጥ" ብሎ እዚያው ተዋት። ሁለት ዓመት ቆየች። ስትመለስ ዝገት በልቷት ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ይዞ ተቀመጠና ሲስላት ቆይቶ "እንካ፣ አሁን እጨድ" አለኝ።