ሰኞ ፎርክሊፍት፣ እሁድ ፈረስ

ሎስ አንጀለስ መጋዘን ስቀጠር ፎርክሊፍት ያስተማሩኝ አንድ የሃሊስኮ ሰው ናቸው። ሜክሲኳዊ ናቸው፤ ስልሳን ተሻግረዋል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጎርዳማ ነው። ማሽን የቆረጠው መስሎኝ ስጠይቃቸው "ገመድ ነው" ብለው ሳቁ።

ነገሩ የገባኝ እሁድ የፈረስና የገመድ ውድድር ሊያሳዩኝ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ወዳለችው ፒኮ ሪቬራ ይዘውኝ ሲሄዱ ነው። ስፖርቱ ቻሬሪያ፣ ፈረሰኛው ቻሮ ይባላል። ድሮ በሜክሲኮ ትልልቅ እርሻዎች ከብት የማገድ ሥራ ነበር። ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ እርሻዎቹ ሲበተኑ ሰዎቹ ከተማ ገብተው በ1921 ማኅበር አቋቋሙ። ስደተኛው ደግሞ ድንበር አሻግሮት ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በ1947 የቻሮዎች ማኅበር ተመሠረተ።

ዘጠኝ ዓይነት ውድድር አለው፤ ሁሉን አልዘረዝርም። የጣቱን ጉዳይ ግን ልንገራችሁ። ባዝራዋ 60 ሜትር በሚረዝመው መሮጫ ሽምጥ ትመጣለች። ቻሮው ፈረሱ ላይ ሆኖ የኋላ እግሮቿን በገመድ ያጠምዳል። ወዲያው የገመዱን ጫፍ ከኮርቻው ፊት ባለው ወፍራም የእንጨት ጉጥ ላይ ይጠመጥምና ቀስ እያለ እየለቀቀ ያቆማታል። ገመዱ እንጨቱን ሲፈትገው ይጨሳል። የምሬን ነው፣ ጭስ ይወጣል! በዚያ መሐል ጣት ከገባ አለቀለት።

ወጪውን ሳስብ ይገርመኛል። ደመወዛችን እኩል ነው፤ እኔ የቤት ኪራይ ከፍዬ እጄ ባዶ ይቀራል። እሳቸው ለጋጣ፣ ለድርቆሽ፣ ለፈረስ ሐኪም ይከፍላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ግቢ ሣር ያጭዳሉ፤ ያ ገንዘብ በሙሉ የፈረሷ ነው።

አንድ ነገር ላይ አንስማማም። ካሊፎርኒያ በ1994 የሚሮጥ ፈረስን እግሩን በገመድ ጠልፎ መጣል ከለከለች፤ ቴክሳስም በዓመቱ ተከተለች። ከዘጠኙ መሐል የባዝራዋ የፊት እግር የሚጠመድበትም አለ፤ አሁን እዚህ ያጠምዱና ሳይጥሏት ገመዱን ይለቃሉ። ሰውየው ግን "ሮዲዮ ላይ፣ የአሜሪካ ካውቦዮች ውድድር ላይ፣ ጥጃ አንገቱን ታንቆ ሲወድቅ ማን ይናገራል? የኛ ሲሆን ነው የሚታያቸው" ይላሉ። ቅሬታቸው መሠረት አለው። እኔ ግን ከሕጉ ጋር ነኝ፤ ለባህል ተብሎ የፈረስ እግር አይሰበርም። አኩርፈውኝ ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ያውቃሉ።

ልቤን የወሰዱት ሴቶቹ ናቸው። ቡድናቸው እስካራሙሳ ይባላል፤ ስምንት ሆነው፣ ሁለቱንም እግር በአንድ ጎን አድርገው ተቀምጠው፣ በግልቢያ እየተሿለኩ ይተላለፋሉ። የሰውየው የልጅ ልጅ አንዷ ናት። እዚህ ተወልዳ ስፓኒሽ ይተናነቃታል። ከመግባቷ በፊት ዳኛዋ የቀሚሷን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ዳንቴሉን፣ ቦቲዋን፣ ኮርቻዋን አንድ በአንድ አየች። አለባበስ ከተዛነፈ ነጥብ ይቀነሳል። ስልክ ከእጇ የማይለይ ጎረምሲት ቀጥ ብላ ቆመች። አያቷ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚታዘዝላቸው ያለ አይመስለኝም።

እኔ የአዊ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚህ ቡናውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ የሐምሌውን የእግር ኳስ ዝግጅትም ይዘን መጥተናል። ፈረስ ግን ማን ያምጣ? የእንጅባራውን ቪዲዮ በስልኬ ለሰውየው ሳሳያቸው ልጓሙንና ጌጡን ደጋግመው አዩት። ከዚያ "ገመድ የላቸውም እንዴ?" አሉኝ፣ በጣም አዝነው።

የአሜሪካ ቡድኖች ካለፉ ሜክሲኮ ሄደው በብሔራዊው ሻምፒዮና ይወዳደራሉ። የልጅ ልጃቸው ቡድንም ዘንድሮ ለዚያ እየተለማመደ ነው። እሷ ፓስፖርት አላት። እሳቸው ወረቀታቸው ስላልተስተካከለ ከወጡ መመለሻ የላቸውም። ለጉዞው የፈረሷን የጤና ወረቀት ማስጨረስ ጀምረዋል፤ "ከኔ ቀድማ ወረቀት ልታገኝ ነው" እያሉ መጋዘኑን በሳቅ ይገድሉታል።