የማያመው ጆሮ

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ስለዋለ ዛሬ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ሲያስነጥስ አረፈደ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ በሽታ ያባርራል ተብሎ የሚነሣው የላስቲክና የቆሻሻ ጢስ ዛሬ የብዙዎቹን አፍንጫ የሚያስቆጣ መሆኑን ለወላጆቻቸው መንገር ግን ከብዶኛል። ለማንኛውም የጢሱ ነገር ቀላሉ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃቸዋል። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከሚያስነጥሱት መካከል ያልነበረና ምንም አያመኝም የሚል አንድ ልጅ ነው።

ከኋላ የሚቀመጥ፣ ግራ ጆሮው ዘወትር በጥጥ የተወተፈ ልጅ ነው። ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም፤ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ አጠገቡ ይቀመጡ የነበሩት ልጆችም ከጆሮው የሚወጣውን ጠረን እየሸሹ አንድ በአንድ ቦታ ቀይረዋል። እናቱን አስጠርቼ ስጠይቃት፣ «መምህር፣ እሱማ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው የሚፈሰው፤ አያመውም እኮ፤ ሲያድግ ይተወዋል ብለውኛል» አለችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሳስተምር ደጋግሜ ያስተዋልሁት ይህንኑ ነው። ከአንገት በላይ ላለ ሕመም ሰው ወደ ሐኪም የሚሮጠው ሥቃዩ እንቅልፍ ሲነሣው ነው፤ ሥቃይ የሌለው ግን ዓመት ቢቆይ ማንንም አያስደነግጥም። ከሚያስለቅሱት ሕመሞች ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ በራሳቸው የሚያልፉ፣ ዝም ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሱ መሆናቸው ነው የሚገርመው።

የልጆች ጆሮ በአብዛኛው የሚታመመው ጉንፋን ተከትሎ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚዘልቀው ቀጭን ቱቦ በልጅነት አጭርና አግድም ስለሆነ ጀርም በቀላሉ ይሻገርበታል። መግል ከታምቡሩ ጀርባ ሲጠራቀም ልጁ ትኩሳት ይዞት ሌሊቱን ሙሉ ጆሮውን እየጎተተ ያለቅሳል፤ ከዚያ ታምቡሩ ይቀደድና መግሉ ይወጣል፤ ግፊቱ ስለሚቀንስም ሕመሙ ወዲያው ይለቀዋል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። እውነትም ብዙውን ጊዜ ታምቡሩ በራሱ ይገጥማል። ፈሳሹ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሕመሙ ሥር ሰድዷል፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ መስማት ይቀንሳል፣ አልፎ አልፎም መግሉ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት፣ ብሎም ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል። ከጆሮው ኋላ አብጦ ጆሮውን ወደ ፊት የገፋበት፣ ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ፣ የሚያዞረው ወይም አንገቱ የደረቀ ልጅ ነገ ዛሬ ሳይባል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።

ከእናትየዋ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በመጀመሪያ ጥጡን አውጥታ ጣለችው፤ መግሉን አፍኖ ከማስቀመጥ በቀር ምንም አይሠራም። ቀጥላ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀደደችና በሁለት ጣቷ እያሽከረከረች እንደ ጧፍ ሹል አድርጋ ጠመዘዘችው። ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ ብላ ሳብ አድርጋ ጨርቁን አስገባች፤ ጥቂት ቆይታ ስታወጣው ጫፉ ርሶ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ያንን ጥላ ሌላ ጠመዘዘች፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ደጋገመችው። «በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ፤ ጠብታው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመግል ላይ የፈሰሰ መድኃኒት የትም አይደርስም» አለቻት። እናትየዋ እዚያው ሞክራ አሳየች፤ እጇ ከነርሷ እጅ ይልቅ የረጋ ነበር። ዘይት፣ ቅቤ ወይም የጡት ወተት በሚፈስ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ፣ ልጁም እስኪድን ጣና ውስጥ እንዳይዋኝ ተነገራት። የመጨረሻው ምክር ለባሕር ዳር ልጅ ከመርፌ የሚከብድ ነው። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታም የራሱ አደጋ አለው፤ እንደ ጀንታማይሲን ያለው መድኃኒት በተቀደደ ታምቡር አልፎ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

አዋቂዎችም ከዚህ የተሻልን አይደለንም። በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ ዘንግ ጆሮ መኮርኮር እንደ ንጽሕና ይቆጠራል፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ከመግፋትና ጆሮን ከማቁሰል ያለፈ ጥቅም ግን አላየሁበትም። በአንድ ጆሮ መስማት በድንገት፣ በአንድ ጀምበር ሲጠፋ ደግሞ «ብርድ መትቶኝ ነው» ተብሎ ይቆያል። ይህ ምንም ሥቃይ ባይኖረውም ከአስቸኳዮቹ አንዱ ነው፤ ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነውና ሦስት ቀን እንኳ ማሳለፍ አይገባም።

ስለ አፍንጫ ሲነሣ ነስር ይቀድማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ልጆች ሲነስራቸው ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ውኃም ይፈስስበታል። ወደ ኋላ ማዘንበል ደሙን ወደ ጉሮሮ ከመመለስ በቀር አያቆመውም። ልጁ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨምቆ፣ በአፉ እየተነፈሰ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅ መቆየት አለበት፤ ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ከገጠር የሚመጡ ልጆች ላይ ግን ሌላም ነገር እጠረጥራለሁ። ከምንጭ ወይም ከወንዝ ተደፍቶ የጠጣ ልጅ ከአንደኛው አፍንጫው ብቻ ቀጭን ደም ለቀናት ሲመላለስበት፣ ውስጡም አንዳች ነገር የሚንቀሳቀስ ሲመስለው፣ አልቅት ሊሆን ይችላል። አልቅትን የከብት ጣጣ ብቻ አድርገን እናስባለን፤ በሰው አፍንጫና ጉሮሮም ተጣብቆ ይከርማል፤ ደም እየመጠጠም ልጁን ያመነምነዋል። በጤና ባለሙያ መሣሪያ እንጂ በቤት ወስፌ አይነካም።

በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ የሚወርድበት ሕፃን ደግሞ ጉንፋን ሳይሆን አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ ወይም ጨሌ ከትቶ ይሆናል። የገባው ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ሥጋውን በሰዓታት ውስጥ ስለሚያቃጥል ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው የመምህራን ክፍል ወሬ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ አብዛኛው ተራ ጉንፋን ነው። ከ10 ቀን በላይ ሲቆይ፣ ተሽሎ ተመልሶ ሲብስ ወይም ዓይን አካባቢ ሲያብጥ ብቻ ይታሰብበት።

ባለፈው እሑድ ቤታችን ነጭ አሳ ተጠብሶ ነበር። የጣናን ነጭ አሳ የሚያውቅ ሰው ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉትን ቀጫጭን አጥንቶች ያውቃቸዋል፤ አምባዛ በዚህ በኩል ይሻላል። የወንድሜን ሚስት አንዱ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሲሰካባት እናቴ እንደ ሁላችንም እናቶች «ደረቅ እንጀራ ጠቅልለሽ ዋጪው» አለቻት። እንዲህ ማድረግ አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ወይም ወደማይደረስበት ቦታ ሊያወርደው ይችላል። ተጭሮ ያለፈ ጉሮሮ ስሜቱ በአንድ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፤ እሷ ግን በዋጠች ቁጥር እዚያው ነጥብ ላይ ይወጋት ነበርና ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ከቶንሲሏ ላይ በመቆንጠጫ ነቀለው፤ ከጥፍር ቁራጭ የማይበልጥ ነበር። ምራቅ መዋጥ ቢያቅታት፣ ደም ብትተፋ ወይም ደረቷን ቢወጋት ኖሮ ነገሩ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር።

የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከሳልና ከንፍጥ ጋር ይመጣል፤ ሲመጣም በዝንጅብል ሻይ ይታለፋል። የማልቀልደው ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ሳይስል ትኩሳት ሲይዘው፣ ቶንሲሉ ነጭ ሲያወጣና ከአገጩ በታች ያሉት ንፍፊቶች ሲያብጡ ነው። ያኔ ምክንያቱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታከም ካለፈም በኋላ በልብ በር ላይ ጉዳት ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን እንክብል ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ድኖ ሲጫወት እንክብሉ ይቋረጣል፤ እዚህም ሕመሙ ስለ ጠፋ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለየትኛውም የጉሮሮ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ መድማትንና ቴታነስን በልጁ ላይ መጨመር ነው። ልጅ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከታፈነ፣ አፉን መክፈት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ከጮኸ ጉሮሮውን ለማየት እንኳ ሳይሞከር ወደ ሆስፒታል ነው።

ማታ ጎረቤታችን የኔታ ቡና ሊጠጡ መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ድምፃቸው ከመስቀል ወዲህ ጎርንኖ አልተመለሰም። «ማሕሌቱ ነው፤ ደግሞም አያመኝም» ይላሉ። ማሕሌትም ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያዜም ሰው የድምፅ ጅማቱ ላይ እባጭ ቢያበቅል አይደንቅም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ግን በአንገት በላይ ሐኪም ካልታየ ተራው እባጭ ከካንሰር በድምፅ ብቻ አይለይም፤ አንገት ላይ የሚወጣና የማይጠፋ እብጠትም እንዲሁ ነው። «የኔታ፣ ሐኪሙ በአፍንጫዎ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጅማቱን አይቶ ይነግርዎታል፤ ቶሎ የተደረሰበት ይድናል» አልኋቸው። ከኅዳር ጽዮን በኋላ እሄዳለሁ አሉ፤ በዓሉን በዚህ ድምፅ ቢቆሙ ይበልጥ እንደሚጎዳቸው ባለቤታቸው ስታነሣ ዝም አሉ። የጤና መድን ደብተራቸው ስለሚሠራ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የለኝምና አብረን እንሄዳለን።