ካርቶኗ

ጋሼ ዲኤክስ ቶዮታቸውን ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲነዷት ምንም አትል፤ ሽቅብ ወደ ቤት ሲመለሱ ነው የምትፈላው። ድሮ እኔ የምሠራበት ጋራዥ ወሰዷት። የቀድሞ አለቃዬ ኮፈኑን ከፈት አድርጎ «ቴስታ ነው፣ የሞተሩ ራስ መውረድ አለበት» አላቸውና ዋጋ ቆረጠ። ማታ በር ላይ አግኝተውኝ ነገሩኝ።

ፋኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ወደ ኋላ ብወዘውዘው ተንገጫገጨ። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል። ከሥሩ ካለችው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ብሎኩ ላይ የዛገ መስመር አስምሯል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክም ደርቋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ዳገት ላይ አለቀላት። ደስ አለኝ። ለጋሼ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ደስ ያለኝ አለቃዬ በመሳሳቱ ነው።

እሁድ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ጀመርኩ። ፓምፑን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጥቻለሁ። ባለ ፎር ኬ ሞተር ስለሆነች ሥራው ቀላል ነው፦ ውሃውን ማፍሰስ፣ ቺንጊያውን ማላላት፣ ፋኑን ማውለቅ፣ ከዚያ ፓምፑን መፍታት። የመጀመሪያውን ቡሎን ስፈታ ጋሼ የብስኩት ካርቶን ክዳን ይዘው መጡ። የፓምፑን ቅርጽ በእስክሪብቶ ስለውበታል፤ ቡሎን ባለበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለው።

«እዚህ ላይ ሰካቸው፣ ቁመታቸው አንድ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ።»

«መንዳትና መፍታት ለየቅል ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ዝም ብለው ካርቶኗን መሬት ላይ አስቀመጡና ቡና ሊያስፈሉ ገቡ። እኔ ቡሎኖቹን የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን፣ ፓምፑና ብሎኩ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ፋቅኩ፣ ማስቲሽ በስሱ ቀባሁ፣ በመስቀለኛ አጠበቅሁ። ሞተሩ ተነሳ፣ ፋኑ ዝም አለ፣ ቡና ጠጣን፣ የአለቃዬን ሐሜት አወራን።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ብቅ ስል መኪናዋ ሥር ውሃ አቁሯል። ጋሼ የሉም። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ የአየር ማጣሪያው ላይ ያቺ ካርቶን ተቀምጣለች። ከቀዳዳዎቹ ባንዱ ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቶባታል። ከዚያ በቀር የተጻፈ ነገር የላትም።

ፈታሁት። ረጅሙ ቡሎን የአጭሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ታች ነክቶ ቆሟል። እጄ «ጠብቋል» ይለኛል እንጂ ፓምፑን አልተጫነውም። አጭሩ ደግሞ በረጅሙ ቦታ በሦስት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሏል። ቦታ አለዋወጥኳቸው፤ ጓርኒሲዮኑንም እንደገና በራሴ ገንዘብ።

ጋሼ ማታ ሲመጡ ስለ ካርቶኗ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ቡና አለ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያችን ካርቶን የመፍቻ ሳጥኔ ክዳን ውስጥ ለጥፌያታለሁ፤ ረዳቶቼ የምንድን ነች እያሉ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የአንድ ቪትዝ ፓምፕ ስፈታ ቡሎኖቹን ጣሳ ውስጥ ነው የከተትኳቸው። ቸኩዬ ነበር።