ዋንዛ ከገጠር ለምታስመጡ፦ ታርጋው ሳይጻፍ አትጫኑ

ለምግብ ጠረጴዛ ከዋንዛ የተሻለ እንጨት የለም ባይ ነኝ። ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ክብደቱ መካከለኛ ነው፣ መላጊያ አያስቸግርም፣ ሲወለወል ያምራል። የጅማ በርጩማም የቤተ ክርስቲያን ከበሮም ከእሱ የሚፈለፈለው በከንቱ አይደለም። ልቡን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ዳር ዳሩ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን የነቀዝ ቀለብ ነው፤ ሳትሳሱ ቁረጡና ጣሉት።

አጎቴ ጅማ አካባቢ ቡናው መሃል ያረጀ ዋንዛ ነበረው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ስለነበር ዛሬም በዋንዛ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቅ ያለ ነው። ከግል ማሳ መሆኑን ቀበሌው መሰከረ፣ ወረዳው ማኅተም አደረገ፣ ዛፉ ተቆርጦ ጣውላ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ጣውላውን ጭኖ ለማለፍ ከሚያስፈልገው የይለፍ ወረቀት ነው። "መጀመሪያ ወረቀቱን ያዝ፣ መኪናውን በኋላ ትፈልጋለህ" አለኝ የቢሮው ባለሙያ። እንዳለኝ አደረግኩ። የታርጋው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ኬላ ላይ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገልብጦ አየና ጣቱን ባዶው መስመር ላይ አሳረፈ።

"ታርጋ የለውም።"

"መኪናው ይኸው ቆሟል፣ እዚሁ ይጻፍልኝ።"

"ወረቀቱን የሰጠህ ሰው ይጻፈው።"

ቢሮው ስደውል ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ነገ ስደውል መስክ ወጥቷል። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርዳል። ጣውላዬን አውርደው ጭቃ ላይ ከመሩት፣ መሃሉ አየር የሚያሳልፍ አንዲት ዱላ እንኳ ሳይገባ። ሸራ እናልብሰው ብል "ሸራ የእኛ ሥራ አይደለም" ተባልኩ። ሲለቀቅልኝ የታችኞቹ ጣውላዎች ነጭ ክፍል ሰማያዊ ሻጋታ አውጥቷል፣ አንዳንዶቹም ተጣመዋል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቁጥጥሩ ደን ለሚመነጥር ሰው ነው፣ እሱን እደግፋለሁ። ሕጋዊ ጣውላ ጭቃ ላይ ማበስበስ ግን የትኛውን ዛፍ ያድናል?

ስለዚህ ቢሮው የሚለውን ገልብጡት። መጀመሪያ መኪናውን ተዋዋሉ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡ፣ ታርጋው ሲጻፍ ዓይናችሁ እያየ ይሁን።

ማድረቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀቡት፣ በየመሃሉ እኩል ዱላ አስገቡ፣ ጥላ ስር ደርድሩት፣ ከላይ ክብደት ጫኑበት። አናጢዎች "ሁለት ወር ይበቃዋል" ይሏችኋል፤ አትስሟቸው። እርጥበት መለኪያው ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ጠብቁ፣ አለዚያ ጠረጴዛው ቤት ገብቶ ይሰነጠቃል። ቫርኒሽ ከማልበስ ይልቅ የተልባ ዘይት ስስ አድርጌ ደጋግሜ ቀባሁት፤ የልቡ መስመር ፍንትው ብሎ ወጣ። የተጣመሙትን አሳጥሬ እግር አደረግኳቸው። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እኮራበታለሁ።

እናንተ ግን ጭነቱን ከጥቅምት በኋላ አድርጉት። ሸራና ገመድም የራሳችሁን ያዙ።